የነዲድ ረሃብ

በንጉሥ አግዓዝ በዓለ ሲመት ቀን በዘንጋድ ምድር ያለው የምድጃ እሳት ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፋ።

የመንግሥቱ እሳት የሚወለደው በሸመል ተራራ ራስ ላይ ከምትኖረው ታላቅ ወፍ፣ ከነዲድ ትንፋሽ ነበር። በየዓመቱ የቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤቶች ይወዳደራሉ፤ የአሸናፊው ማዕድም በተሸካሚዎች ወደ እርሷ ይወጣል። በዚያ ዓመት ግን ሳትቀምስ ፊቷን አዞረች። አገሩን ውርጭ ወረሰው።

«ጥፋቱ የተሸካሚዎቹ ነው!» አሉ ሠላሳ ዓመት ያልተሸነፉት ሊቀ ማዕድ ቀርነሎስ። «ሰማይና ምድር ይስሙኝ፤ ራሴ ወጥቼ ሳላበላት አልመለስም!»

ንጉሡ አጃቢ ቢጠይቁ ወታደሩ ሁሉ አቀረቀረ። በወንዙ ዳር ለጀልባ ቀዛፊዎች ሽሮ የምትሠራው እልፌ ብቻ ወደ ፊት ወጣች።

«ጃንሆይ፣ የእህቴ ልጅ ከንፈሯ በብርድ ጠቁሯል። እኔ ልሂድ።»

ድስቷን፣ ሽሮና ድርቆሽ በጀርባዋ አዝላ ተከተለቻቸው። በሦስተኛው ቀን የበረዶው ድልድይ ከእግራቸው ሥር ተሰነጠቀ፤ ሽማግሌውን በመቀነቷ ጎትታ አወጣቻቸው። በአምስተኛው ቀን ቆሏቸው አለቀ፤ ሽሮውም ድርቆሹም ያለ እሳት የሚበላ አልነበረም። ቀርነሎስ ግን ለነዲድ የያዙትን፣ በወርቅ ክዳን የተሸፈነ ማዕድ አቅፈው በረሃብ እየተንገዳገዱ ወጡ።

ከተራራው ራስ ደረሱ። የነዲድ ክንፍ የተራራውን ጫፍ ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል። ላባዋ ሁሉ አመድ ለብሷል፤ ደረቷ ላይ ብቻ እንደ ንጋት ሰማይ የቀላ ፍም ይተነፍሳል።

ቀርነሎስ ክዳኑን ገለጡ፤ በማርና በሮማን የተሞላ ቆቅ፣ በዘጠኝ ድርብ ሊጥ የተጠቀለለ፣ ወርቅ የተነሰነሰበት። ነዲድ ዓይኗን ጨፈነች። ሽማግሌው ባሉበት ተዝለፍልፈው ወደቁ።

«እናቴ ሆይ፣» አለች እልፌ፣ «እኚህ ሰው ሊሞቱብኝ ነው። ድስቴን ከደረትሽ ላስጠጋ?»

ክንፉ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ሽሮው ተንተከተከ። እልፌ ድርቆሹን አርሳ አጎረሰቻቸው፤ ሊቀ ማዕዱ በሁለተኛው ጉርሻ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ከዚያ ወደ ላይ ቀና አለች።

«አንቺስ፣ እርቦሽ ይሆን?»

ተራራው ተንቀጠቀጠ። «ሦስት መቶ ዓመት ማዕድ ሲደረድሩልኝ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም» አለች ነዲድ። «የሚያበስሉት እኔን ሊያበሉ ሳይሆን እርስ በርስ ሊበላለጡ ነበር።»

ድስቱን እስኪጸዳ በላች። ከዚያም እንዲህ አለች፦ «እኔ ጠግቤያለሁ። የሞተ እሳት የሚነሣው ግን ሕያው ነገር ሲነድለት ነው። የምላስሽን ጣዕም ስጪኝ። ከእንግዲህ ማርና አመድ አንድ ይሆኑብሻል።»

እልፌ በጣቷ የድስቱን ጠርዝ ጠርጋ ላሰች፤ እስኪሟሟ አፏ ውስጥ ያዘችው።

«ውሰጂው።»

ነዲድ ተነሣች፤ አመዱ ረገፈ፣ ሰማዩም በራ። ከታች፣ ከመንደር ወደ መንደር፣ ከየጣሪያው ጢስ ሲወጣ እልፌና ቀርነሎስ ቆመው አዩ።

ንጉሡ እልፌን በቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤቶች ላይ ሊሾሟት ቢሉ እጅ ነሥታ ወደ ወንዟ ዳር ተመለሰች። በማግሥቱ ማለዳ ቀርነሎስ ካባቸውን አውልቀው ከድስቷ አጠገብ ቆሙ። ማንኪያውን ከእጇ ተቀብለው ቀመሱና ጎንበስ አሉ።

«ትንሽ ጨው ይቀረዋል፣ እመቤቴ።»