ዓይን ያላት ማኅተም

ሁለቱ ወንድማማች መሳፍንት ለአንድ ዙፋን በተዋጉበት በሦስተኛው ዓመት፣ የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ የከተማይቱን ቅጥር ገና ሳያረጥብ፣ ገዥው ታመመ። ከጭኑ ቁስል ነው ያሉ ነበሩ፤ መርዝ ነው ያሉት ግን በለጡ፤ ቁስል ጌታውን ብቻ ያስጨንቃል፤ መርዝ ግን ለሁሉም ወሬ ይሆናል።

ቁስሉን የሚያጥብለት አንድ ወጣት ነበርና መጀመሪያ የታሰረው እሱ ሆነ፤ የሚያጥብበትን ውሃ የምታወጣው እህቱ ነበረችና ቀጥሎ በክፉ ዓይን የታየችው እሷ ሆነች። ውሃው የምንጭ ውሃ አልነበረም፤ ከፈላ የገብስ ድፍድፍ በእሳት ተንኖ፣ ቀዝቅዞ፣ ጠብ ጠብ እያለ የሚወርድ፣ ፍም ሲነካው በሰማያዊ ነበልባል የሚነድ ነበር።

እህቲቱን ሰው ሁሉ «ቀማሚዋ» ይላት ነበር። ሙያውን የወረሰችው ከአባቷ ነው፤ አባቷም እርሳስን ወርቅ አደርጋለሁ ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ከሰል ሲያነድ ኖሮ፣ እርሳሱ አልቆ ወርቁም ሳይመጣ የሞተ ሰው ነበር። ለልጁ የተረፋት ምድጃው፣ የመዳብ ድስቱ፣ ረጅም አንገት ያለው ክዳንና የአባት ስም ነው። ከአራቱ የባሰው ስሙ ነበር። ሽማግሌው በሕይወት ሳለ ደንበኛ እንዲያከብረው፣ ተቀናቃኝም እንዳይቀርበው፣ «በጋኑ ውስጥ የሚንሾካሾከው እኔ ያሰርሁት ክፉ መንፈስ ነው፤ ጆሮውን ያስጠጋ ይደነቁራል» እያለ ያስወራ ነበር። ያን ጊዜ ወሬው ገበያ ጠራለት፤ አሁን ለልጁ ወታደር ጠራላት።

ገዥውም ከአልጋው ሆኖ ፈረደ፦ እህቲቱ በምስክር ፊት፣ ከጥንስሱ ጀምራ፣ አዲስ ውሃ ታውጣ፤ ወንድሟ ይጠጣው፤ ቢድን ይፈታ፤ ቢሞት ግን እሷም ትከተለው።

ምስክር ሆኖ የተላከው የማኅተም ሹሙ ነበር። ይህ ሰው የግምጃ ቤቱን በር፣ የዘይቱን ማሰሮ፣ የራሱን ቤት የጨው ዕቃ ሳይቀር ሰም እያቀለጠ፣ ወፍ በተቀረጸችበት ቀለበቱ ያትም ነበር። ሚስቱ ጨው ሲያምራት ደጅ ትጠናለች ይባላል፤ ውሸት ሊሆን ይችላል፤ ሹሙን ለሚያውቅ ግን ውሸት አይመስልም። ሌላው ሰው «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ሲል ለጨዋታ ነው፤ እሱ ግን እንደ ጸሎት ይደግመው ነበር። ማኅተም የሰበረ እጁ ይቆረጥ የሚለውን ዐዋጅ ያስወጣውም እሱው ነው።

ከቆዳ ፋቂዎቹ ሰፈር ጀርባ ወዳለው የቀማሚዋ ሥራ ቤት ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ጣሪያውን አየ፤ ምድጃውን አየ፤ በመጨረሻም ጋኑን አየ። ድፍድፉ ተጠንስሶ፣ አፉ በስስ ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር።

«ጨርቁን አንሽና በቆዳ ወጥሪው» አለ። «ላዩን በሰም ደፍኜ አትመዋለሁ።»

«ጌታዬ፣ ይሄ ገና መፍላቱ ነው። ያለ እሳት ነው የሚፈላው። ሲፈላ ይተነፍሳል፤ አፉን ከደፈኑት ጋኑን ይሰነጥቀዋል። መደፈን ያለበት ኋላ ነው፣ ምድጃው ላይ ሲወጣ። ያን ጊዜ ክዳኑን ዙሪያውን በሊጥ ካልመረግሁት እንፋሎቱ በኖ ይቀራል፤ ፍሙ ካገኘው ደግሞ እርስዎንም እኔንም ያነደናል።»

ሹሙ ጢሙን ዳሰሰ። «እስቲ ልድገመው። መርዝ ሊጨመርበት በሚችልበት ጊዜ ክፍት ይሁን ትያለሽ። እኔ ቁጭ ብዬ ልይ ስል ደግሞ በሊጥ ይታፈን ትያለሽ።»

«እንደሱ ሲሉት መጥፎ ይመስላል።»

«እንዴት ሲሉት ነው የሚያምረው?»

ጨርቁን አንሥታ ቆዳውን መወጠር ጀመረች።

«አባትሽስ ውስጡ መንፈስ አለ ይል አልነበር?»

«ይል ነበር። ሲዋሽ ነው።»

«እንግዲያ የውሸታም ልጅ መሆንሽን በገዛ አፍሽ መሰከርሽ» አለና ሰሙን አቀለጠ። ወፏ በቆዳው መካከል ክንፏን ሰብስባ ተቀመጠች።

ጠባቂ ወታደር ሊያቆም አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ወታደሩን የሚጠብቅ ሌላ ወታደር፣ ለዚያም ሌላ እንደሚያስፈልገው ሲያስበው ደከመው፤ ስለዚህ በርጩማ አስመጥቶ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ራሱ ተቀመጠ።

ቀማሚዋ ከማዶ ሆና ምድጃዋን እየጠረገች ታስብ ነበር። ካልተነፈሰ ጋኑ ይፈነዳል፤ ጋኑ ከፈነዳ ውሃ የለም፤ ውሃ ከሌለ ወንድሟ የለም። ማኅተሙን ብትነካው ደግሞ እጇም ወንድሟም የለም። ከዚህ በታች፣ እንዲሰማ የማትፈልገው ሌላ ሐሳብ ነበራት፤ ገዥው አንድ ጊዜ ወንድሟን በሰው ፊት በአለንጋ መትቶት ነበር፤ ያን ቀን ልጁ ቤት ገብቶ ምንም አለመናገሩ ትዝ ይላታል። እህት ብትሆንም ሰው ናት፤ ወንድሟን ጠርጥራለች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጋኑ መንሾካሾክ ጀመረ። ሹሙ ብድግ አለ።

«ማነው?»

«ገብስ ነው።»

«ገብስ አያወራም።»

«ካስጨነቁት ያወራል፤ እስር ቤት ያለው ወንድሜም ሳያወራ አልቀረም።»

ቆዳው ቀስ በቀስ ወደ ላይ ተነፋ፤ ወፏ እንቁላል ልትጥል የደረሰች መሰለች። ቀማሚዋ ተነሥታ የመዳብ ድስቱን ተሸክማ ወደ ግቢው ወጣች። ተመለሰችና ባለ ረጅም አንገቱን ክዳን ይዛ ወጣች።

«ወዴት ነው የምትወስጂው?»

«ወደ ውጭ።»

«ለማን?»

«ለማንም። ከስባሪ ላድነው ብዬ ነው።»

ሹሙ በሩ ላይ ቆሞ በዓይኑ ተከተላት። ያስረከበችው ሰው የለም፤ ከግንቡ ሥር ደርድራ ትመለሳለች። ወንፊቷን አወጣች፤ አሮጌ መጥረጊያዋን አወጣች። በመጨረሻም ጆሮው የወለቀ፣ አንድ ጎኑ የተሰነጠቀ፣ ለማኝ እንኳ የማይቀበለው የሸክላ ኩባያ ከመስኮቱ ላይ አንሥታ፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ፣ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ታቅፋ ወጣች።

ሹሙ ያመነው ይህን ጊዜ ነው። በዘመኑ ብዙ ውሸታም አይቷል፤ የሚያለቅስ፣ የሚምል፣ መሬት የሚስም አይቷል፤ ለውሸቱ ብሎ የተሰነጠቀ ኩባያ የሚያተርፍ ግን አላየም።

«ስሚ» አለ ድምፁ ቀጥኖ። «እውነት ይፈነዳል?»

«እርስዎም ቢወጡ ጥሩ ነበር። በርጩማውንም ይዘው።»

የጋኑ አንገት ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ታየ፤ ከስንጥቁም አረፋ ወዛ። ሹሙ የካባውን መርፌ ቁልፍ ነቀለና፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ወፏን ራሷ ላይ ወጋት። ጋኑ «ፊሽሽ» ብሎ እንደ ሰው ተነፈሰ፤ አረፋው ጢሙ ላይ ተረጨ፤ ቆዳውም ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ቀማሚዋ ጎንበስ ብላ ቀዳዳውን አየች።

«ማኅተም የሰበረ እጁ…» አለች ቀማሚዋ፤ አልጨረሰችውም።

«አልሰበርሁትም፤ ወጋሁት።»

«ይህን ሌላ ሰው ቢነግርዎ ያምኑት ነበር?»

መርፌ ቁልፉን ካባው ላይ መልሶ ሰካ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በዚያ ቤት አንዱ ሌላውን የሚጠብቅ ሁለት እስረኛ ተቀመጠ፤ እሱ ጮኻ ታጋልጠኛለች ብሎ፣ እሷ በእኔ ያላክከዋል ብላ። ኩባያዋን ከግቢው መልሳ ውሃ ቀድታ ብትሰጠው፣ እሷ ቀድማ እስክትጎነጭ ጠበቀ።

ድፍድፉ ፈልቶ ሲረጋ ወደ መዳቡ ድስት ተገለበጠ። ክዳኑን በሊጥ ስትመርግ ሹሙ አልከለከላትም፤ እንዲያውም አንድ ቦታ እንፋሎት ሲያመልጥ ያየው እሱ ነበር፤ «እዚህ ጋ! እዚህ ጋ!» ብሎ በገዛ ጣቱ ሊጥ ለጠፈበት። ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ወረደ።

በገዥው ግንብ፣ አልጋው በተዘረጋበት አዳራሽ፣ የፍርድ አለቃው ቆዳውን ከነማኅተሙ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። ብርሃኑ በወፏ ራስ በኩል አለፈ።

«ይህን የወጋ ማነው?»

ቀማሚዋ እጆቿን ከነጠላዋ ሥር ደበቀች። ሹሙ ወደ እሷ ዞረ፤ በልቡ ምን እንዳወጣና እንዳወረደ እግዜር ይወቀው። ከዚያ ወደ ገዥው አልጋ ዞሮ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ወፏ ዓይን አላት። ዓይን የሌላት ማኅተም ዕውር ናት፤ ዕውር ደግሞ ጠባቂ አይሆንም። ከእንግዲህ በከተማይቱ የሚታተም ሁሉ እንደዚህ ይታተማል።»

«አዲስ ዘዴ ነው?» አለ ገዥው።

«እጅግ አዲስ ነው» አለ ሹሙ፤ በዚያ ቀን የተናገረው ያልተቀባባ እውነት ይህ ብቻ ነበር።

ወንድሟን አመጡት። ከስቶ፣ ጢም አብቅሎ ነበር። ጽዋውን ሲሰጡት አልጠጣም፤ ውስጡን አየ።

«እትዬ፣ አንቺ ነሽ ያወጣሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ብቻሽን?»

ሹሙን አየችና «ከሳቸው ጋር» አለች።

ልጁ አንዴ ሹሙን፣ አንዴ እህቱን አየ። ጽዋውን ከአፉ አራቀ። አዳራሹ ሞትን ፈራ ብሎ አሰበ፤ እሷ ግን ወንድሟን ታውቀዋለችና የፈራው የእሷን እጅ እንደሆነ አወቀች። ዓይኑን ጨፍኖ ጨለጠው፤ ሳለ፤ እንባው ወረደ፤ የግቢው ጥላ ከአንዱ ግንብ ወደ ሌላው እስኪዞር ጠበቁት። አልሞተም። ፈቱት።

ቤት ሲደርሱ በዚያች በተሰነጠቀች ኩባያ ውሃ ቀድታ ሰጠችው። ተቀበላትና ጉልበቱ ላይ አስቀመጣት፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ጠባቂዎቹ ኩርፊያ አወራ፤ ውሃውን ግን አልነካም። ከእጁ ወሰደችና ቀድማ ተጎነጨች። ከዚያ በኋላ ጠጣ። እሷም ስለ አለንጋው ልትጠይቀው የነበረውን ተወችው።

ገዥው ከሕመሙ ድኖ በሚቀጥለው ዓመት በጦር ሜዳ ሞተ፤ ምን አሞት እንደነበር ያወቀ የለም። የማኅተም ሹሙ በአንድ ቀን የተናገረውን ዕድሜውን ሙሉ ሲፈጽም ኖረ፤ ጎተራውን ሳይቀር በዓይናማ ወፍ አተመ፤ በዚያች ዓይን ነቀዝ ይገባል ብለው ያሙት ነበር። የዘመኑ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ግን «ለማኅተሞች ዓይን የሰጠ አስተዋይ ሰው» ብሎ ገጽ ሙሉ አመሰገነው። ጽሕፈት የሚያየው የታተመውን ነው፤ ጋኑ ውስጥ ሲንሾካሾክ የነበረውን አይሰማም። ስለዚህ ወፏ ዓይን እንዳላት ብዙዎች አነበቡ፤ አንዲት እህት እስክትሞት ድረስ ለወንድሟ ውሃ ስትሰጥ ቀድማ እንደምትጎነጭ ግን የጻፈ የለም።