ደረቅ አሸዋ ለአዜማር

ከክር የቀጠነ ድምፅ ነበር። ንጋት የአዜማርን ግንቦች ሳይነካ፣ መስኮት ሳይከፈት፣ ከቤቱ አንድ ጥግ እምምም ሲል ቆየና ቀስ በቀስ ወፍሮ ቃል ሆነ።

«ያዜርዬ፣» አለ ድምፁ፣ «ማሰሮዋን አየሃት?»

ያዜር ከመደቡ ላይ ብድግ ብሎ ተቀመጠ። በዚያ ቅላጼ የምትጠራው በዓለም ላይ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እናቱ ታሚራ። እሷ ደግሞ ካረፈች አራት ክረምት አልፏል። ከማዶ መደብ ላይ አባቱ ወርዶማ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል።

«ሰማህ?» አለ አባቱ በሹክሹክታ።

«ሰማሁ፣ አባዬ።»

«መስኮቱን እንዳትከፍተው። ብትሄድብንስ?»

ያዜር ግን ከፈተው። ብርሃኑ ሲገባ ማንም አልነበረም። በመስኮቱ ደፍ ላይ ያለችው የሰባት ጣት ተክል ብቻ በማሰሮዋ ውስጥ ቆማለች፤ ከአፈሯ በላይም ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ ጥቁር ትንኞች እንደ ጢስ ይዞራሉ። ድምፁ የሚወጣው ከክንፋቸው ነበር።

በአዜማር መንግሥት ሰባት ጣት የሌለበት ቤት አይገኝም። ቅጠሏ እንደ ተዘረጋ እጅ ነው፤ አንድ ጣት ይተርፈዋል፣ ሌላም አንድ ይተርፈዋል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት ታብባለች። ከተራራው ጉም ጋር ለሚወርደው፣ የአጥንት እሳት ለሚባለው ደዌ፣ ከደረቀ አበባዋ ጢስ በቀር መድኃኒት የለም። ዘሯም ከዓመት በላይ አይቆይም፤ አንድ ዓመት ሳታብብ ከቀረች ዘሯ ከምድር ጠፋ ማለት ነው። የከተማይቱን ግማሽ ማሰሮ በእጁ የሠራው ወርዶማ፣ ጉልበቶቹ መንደድ ከጀመሩ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ያለዚያ ጢስ እንቅልፍ አያውቅም።

ያን ዕለት ጠዋት በየቤቱ የሞተ ሰው ተናገረ። ሰዎች ነጠላቸውን እየጎተቱ ወደ መንገድ ወጡ፤ የሚያለቅሰውና የሚስቀው ተደባለቀ።

«ባሌ! ባሌ መጣ!» አለች አንዲት ጎረቤታቸው። «ወጡ ጨው አነሰው አለኝ! ዘጠኝ ዓመት አፈር ውስጥ ተኝቶ እንኳ አልተወኝም!»

ከዚያ ሰዉ አንድ ነገር ተማረ። አፈሩ በራሰ ቁጥር ትንኙ ይበዛል፤ ትንኙ ሲበዛ ድምፁ ይጠራል። ስለዚህ ሁሉም ማለዳና ማታ እንስራውን አነሣ። ወርዶማ በሚያቃጥል ጉልበቱ እየተሳበ፣ ከሚጠጣው ቀንሶ ለማሰሮዋ ያፈስ ነበር። አዜማር እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሏት አታውቅም።

በሃያኛው ቀን ቅጠሎቹ ከታች ጀምረው ቢጫ ሆኑ።

ያዜር ከእናቱ የወረሰው ሥራ የእቴጌይቱን ሰገነት ተክሎች መጠበቅ ነበር። ታሚራ ስታስተምረው፣ «ማሰሮውን በሁለት እጅህ አንሣው። ከከበደህ አልጠማውም፤ ከቀለለህ ውሃ ስጠው። የቀረው ወሬ ነው» ትለው ነበር። እሱም በዚያ ቀን አንዱን ማሰሮ አነሣ፤ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከበደው። ግንዱን ያዝ ቢያደርገው ከጭቃው ውስጥ ያለ ሥር ሾልኮ ወጣ። በሥሩ ፋንታ ራሳቸው ጥቁር፣ ገላቸው ነጭ የሆኑ ክር መሳይ እጮች ይርመሰመሱ ነበር። ሰዉ ድምፃቸውን የሚወደው የእነዚያ ትንኞች ልጆች ሥሩን ጨርሰውታል።

ወደ ቤቱ ሮጦ ገባና በትንኞቹ ፊት ተንበረከከ።

«እማዬ፣ ምን ላድርግ? ንገሪኝ።»

«ያዜርዬ፣ ማሰሮዋን አየሃት?»

«አየኋት። እየሞተች ነው። አሁንስ?»

«ያዜርዬ፣ ማሰሮዋን አየሃት?»

ያን ጊዜ ገባው። ድምፁ የእናቱ ነው፤ ግን የድሮው ብቻ ነው። ዛሬ ለጠየቃት የሚሆን መልስ የላትም።

እቴጌ ኔባር በአደባባይዋ ጉባኤ ጠራች። ያዜር ያለ ሥር የወጣውን ግንድ በእግሯ ሥር አኖረ።

«የአዜማር ሰዎች ሆይ፣» አለች፣ «እኔም ሃያ ቀን ሙሉ የአባቴን ድምፅ ሰምቻለሁ። ‹ኔባር፣ ወገብሽን ቀጥ አድርጊ› ይለኛል። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ነኝ፤ በየማለዳው ወገቤን ቀጥ ሳደርግ እንደ ሕፃን ደስ ይለኛል። ነገር ግን በሚመጣው ክረምት የልጆቻችሁ አጥንት ሲነድ አባቴ አያጠፋውም። አንተ የታሚራ ልጅ፣ መፍትሔው ምንድን ነው?»

«እቴጌዬ፣ የአፈሩ ላይኛ ክፍል መድረቅ አለበት። በጉማችን ምክንያት አይደርቅም። በአፈሩ ላይ የጣት ውፍረት ያለው የነዲድ በረሃ አሸዋ ብናለብስ ግን ውስጥ ያለው ትንኝ መውጫ፣ ውጭ ያለው እንቁላል መጣያ ያጣል። የነዲድ አሸዋ ዝናብ አይቶ ስለማያውቅ ሲበተን እየበዛ አንዱ ስልቻ የከተማችንን ሲሶ ማሰሮ ይሸፍናል ይባላል። እስከምታብብበት ሠላሳ ቀን አለን። ለመሄድ ዘጠኝ፣ ለመመለስ ዘጠኝ። በእሳትና በዘር እምላለሁ፣ ይዤ እመለሳለሁ፤ ካልተመለስኩ ስሜ በዚህ ከተማ አይጠራ!»

እቴጌይቱም ከዘበኞቿ ጦረኛይቱን ዘርሚን፣ የበረሃውን መንገድ ከሚያውቁት ደግሞ ግመል ነጂውን አያ ጎንደልን ሰጠችው።

ወርዶማ የጉባኤውን ውሳኔ የሰማው ከጎረቤት ነበር። ልጁ ስንቅ ሲቋጥር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«የኔ አጥንት ይንደድ፣» አለ። «ማን ለመነህ? እሷን ተውልኝ።»

ያዜር የአባቱን ጉልበት ሳመና ወጣ።

መንገዱ ረጅም ነበር፤ ያሳጠረው የአያ ጎንደል አፍ ነው። አያ ጎንደል ቁመታቸው እንደ በር፣ ቁም ነገራቸው ግን እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ነበር።

«ዘርሚ፣» ይላሉ፣ «ይህ ጦርሽ ትንኝ ይወጋል?»

«አፍ የሚበዛበትን ሽማግሌም ይወጋል፣ አያ ጎንደል።»

«እሱስ ልክ ነው። ያዜር፣ አንተ የማሰሮ ሞግዚት፣ ይቺን አግባ። ቤትህ ትንኝ አይደፍረውም።»

በዘጠነኛው ቀን ነዲድ ደረሱ። ሰማዩ እንደ ነሐስ፣ ምድሩ እንደ ምጣድ ነበር። ከአሸዋው ውስጥም የበረሃው ጌታ ሐሩር ተነሣ፤ ቅርፊቱ ቤት የሚያህል፣ ዓይኖቹ የፍም ጉድጓድ የሆኑ፣ ከዓለም መፈጠር ጀምሮ ውሃ ቀምሶ የማያውቅ ዘንዶ። ዘርሚ ጦሯን አነጣጠረች። ያዜር ክንዷን ይዞ አወረደውና ብቻውን ወደ ፊት ሄደ።

«ታላቁ ሐሩር ሆይ፣ ለመውጋት አልመጣንም። በፍቅር ብዛት የሰጠሙ ሥሮች አሉን። ሦስት ስልቻ አሸዋ ስጠን።»

ዘንዶው ሲናገር መሬቱ ተንቀጠቀጠ። «አሸዋዬ ርጥበትን አይወድም። የያዛችሁትን ውሃ ሁሉ በፊቴ አፍስሱ። በመንገድም ስልቻው ከራሰ የትንኝ አልጋ ይሆንባችኋል፤ ሁለተኛም አትምጡብኝ።»

አፈሰሱት። ሐሩር ውሃው ወደ አሸዋው ሲሰርግ አተኩሮ አየ፤ ከዚያም ዓይኖቹን ጨፍኖ መንገድ ለቀቀላቸው፤ ሦስቱን ስልቻ ሞሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማውራት አይቀልም። ስምንት ቀን ከቁልቋል ቅጠል በሚጨመቅ ምሬትና በግመል ወተት ኖሩ። የዛምራ ወንዝ ዳር ሲደርሱ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ነበር። ሲሄዱ በእግራቸው የተሻገሩት ወንዝ ደግሞ ሞልቷል። ግመሎቹ አንገታቸውን አዙረው አንገባም አሉ።

ጠጥተው ትንሽ ካረፉ በኋላ አያ ጎንደል ልብሳቸውን አወለቁ። «እኔ ረጅም ነኝ፤ መሐል እቆማለሁ። አንተ ከዚህ ታቀብለኛለህ፤ ዘርሚ ከማዶ ድንጋይ ላይ ትቀበላለች። ሦስት ስልቻ ምን አላት?»

አንደኛው አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ሦስተኛውን በራሳቸው ላይ እንደያዙ ከላይ ግንድ እየተንከባለለ መጥቶ ጎናቸውን መታቸው። ውሃው እስከ አገጫቸው ደረሰ። ሁለት እጃቸው ግን ስልቻውን ሽቅብ እንደያዘ ነበር።

«ጣሉት!» ብሎ ጮኸ ያዜር። «አያ ጎንደል፣ ጣሉትና ይዋኙ!»

«ምን ብዬ? ግመሌ ትስቅብኛለች!» አሉ።

በቀራቸው ኃይል ወደ ዘርሚ ወረወሩት። እሷም በደረቷ ተቀበለችው። ቀና ብላ ስታይ በወንዙ ላይ ግንዱ ብቻ ይሄድ ነበር።

ያዜር ግመሎቹን በግድ እየጎተተ ከተሻገረ በኋላ፣ አሸዋው እንዳይርስ ሁለቱም ከስልቻው ርቀው ተራ በተራ አለቀሱ።

የአዜማር በር ላይ ሲደርሱ የበረኛው ማሰሮ በትንኝ ተከቦ ያንጎራጉር ነበር። ሊያልፉት ሲሉ ድምፁ ወፈረ።

«ምን ብዬ? ግመሌ ትስቅብኛለች!»

ዘርሚ ቆመች። ሦስት ጊዜ ሰማችው። በአራተኛው ስልቻውን ፈታች፤ እፍኝ ሙሉ ዘግና በአፈሩ ላይ ነሰነሰችው። ድምፁ ቃሉን ሳይጨርስ ተቆረጠ።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። እቴጌ ኔባር በሕዝብ ፊት የመጀመሪያዋን እፍኝ በራሷ ማሰሮ ላይ አፈሰሰችና ወገቧን ቀጥ አድርጋ ወደ አዳራሿ ገባች። በየቤቱ በሙጫ የተለቀለቀ ቢጫ ጨርቅ ተሰቀለ፤ በአየር የቀረው ትንኝ ቢጫውን ወዶ ይጣበቅበታል። ከላይ ውሃ ማፍሰስ ተከለከለ። ማሰሮው ሲቀል ብቻ ከሥሩ ባለው ወጭት ውሃ ይደረጋል፤ ተክሏ ከታች የምትፈልገውን ስባ ትጠጣለች። አንዳንዱ በሩን ዘጋ፤ አንዳንዷ ያዜርን ረገመችው። ያቺ ጎረቤት ግን በሩን ከፈተችለትና፣ «ቆይ፣» አለች፣ ወደ ማሰሮው ዞራ። «ጨው እጨምራለሁ፣ የኔ ጌታ። በል ደህና ሁን።»

የመጨረሻው የራሱ ቤት ነበር። ወርዶማ ማሰሮዋን በጭኑ መሐል አቅፎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

«አባዬ፣ ይስጡኝ።»

«አንድ ቀን ጨምርልኝ።»

«ግንዷ እየለሰለሰ ነው። ነገ የለም።»

«ሌላው ሁሉ ይድናል አይደል? ይቺ አንዷ ብትቀር ምን ይጎድላል?»

«ይቺን አንዷን ብተዋት በሳምንት ትንኙ ከተማውን መልሶ ይሞላዋል። ደግሞ እርስዎ ሲቃጠሉ ስድስት ዓመት አየሁ።»

«ያዜርዬ፣» አለ ድምፁ በመካከላቸው።

ወርዶማ ክንዶቹን ቀስ ብሎ ላላ አደረገ። መስጠት ይሁን መድከም፣ ያዜር አላወቀም። አሸዋውን አፈሰሰ። በእጁ መዳፍ አስተካከለው። ድምፁ «ማሰሮዋን አየ—» ካለ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ በዚያ ቤት የነበረው የታሚራ አስከሬን በወጣበት ዕለት ብቻ ነው።

በቀሩት ቀናት ያዜር ከደጅ ደጅ ዞረ። የዋናውን ቅርንጫፍ ጫፍ በጥፍሩ ቆነጠጠ፣ ጎን ቅርንጫፎቹ ብርሃን እንዲያገኙ። ከቅጠሉ ብብት ላይ ትንንሽ ኳስ ያወጡትን ወንድ ተክሎች፣ ሴቶቹ አበባቸውን በዘር እንዳይጨርሱ፣ ነቅሎ አስወጣ፤ ለዘር የሚሆን አንድ ወንድ ብቻ ከእቴጌይቱ ሰገነት ሥር ተወ። በአፈሩ ውስጥ አዲስ ነጭ ሥር እንደ ፀጉር በቀለ። ቀንና ሌሊት እኩል በሆኑበት ዕለት በአዜማር መስኮቶች ሁሉ አበባ ወጣ። ነጋሪት ተመታ። ሰዉ ያዜርን በትከሻው ተሸክሞ ዞረ፤ የአያ ጎንደልም ስም በግንቡ ላይ ተቀረጸ። ግመላቸው ዘርሚ ቤት ገባች።

አበባው በጥላ ሲደርቅ ያዜር የመጀመሪያውን ጢስ ለአባቱ አጨሰለት፤ ከቀደሙት ዓመታት ይልቅ የበረታ ጢስ ነበር። ወርዶማ ሦስት ቀንና ሌሊት ተኛ። በአራተኛው ማለዳ ጉልበቶቹ ቀዝቅዘው ነበር። ያለ ምርኩዝ ቆመ፤ አንድ እግሩን አነሣ፣ ሌላውን አነሣ።

አባቱ እግሩን ታጠበ። ንጹሕ ጋቢ ለበሰ። በትከሻው ላይ ምንም አልያዘም። በሩን ከፍቶ ወጣ።

«አባዬ፣ ወዴት ነው?»

ወርዶማ ቁልቁለቱን ያዘ። ጎረቤቲቱ ከደጇ፣ «እንኳን ለዚህ አበቃዎ!» አለችው፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ አለፈ። እርምጃው የወጣት ሰው እርምጃ ነበር፤ አንዴም አላነከሰም። በረኛው ጦሩን አነሣለት። እሱም በሩን አልፎ፣ ታሚራ ወደ ተቀበረችበት፣ ጉሙ ወዳለበት ሜዳ ቀጥ ብሎ ሄደ።