ጵርስቅላ ያስተማረችው ስሕተት

ጵርስቅላ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ቤታቸው ኮተቤ፣ ከታክሲ መውረጃው ጀርባ ነበር። ዐሥረኛ ክፍል ነበረች፤ በሒሳብማ አትቻልም ነበር! ያን ጊዜ በየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች "አንድ ለአምስት" እየተባሉ በቡድን ያጠኑ ነበር። ጎበዙ ይመራል፣ ሌሎቹ ይከተላሉ። የቡድኗ መሪ እሷው ነበረች። ስትኮራ ብታዩዋት!

አንድ ቀን ፖሊኖሚያል ከሚባሉት የሒሳብ መግለጫዎች የሆነውን ካልሆነው መለየት ያጠኑ ነበር።

"ቀላል ነው! ኤክስ ካለበት ፖሊኖሚያል ነው፣ አለቀ!" አለች ጵርስቅላ።

ኤልቃና የሚባለው ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣ። "አምስት ሲካፈል ለኤክስስ? ኤክስ ታች ሲሆንም ነው?"

"አንተ ደግሞ! መሪው ማን ነው?" ብላ ኩም አደረገችው። ሌሎቹ ሳቁ። ኤልቃናም እሷ ያለችውን ይዞ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ ጠዋት መጽሐፏን ስትገልጥ ክው አለች። ለካ ኤክስ አካፋይ ሆኖ ታች ከተቀመጠ ፖሊኖሚያል አይደለም! "አሁን ብነግራቸው ይስቁብኛል" ብላ አሰበችና መጽሐፉን ዘጋች። አያችሁ ልጆች፣ ኩራት አፍ ያስይዛል።

የሒሳብ አስተማሪያቸው ቲቸር ጉተማ አንዱን ተማሪ ጠርተው ይጠይቁና ውጤቱን ለቡድኑ ሁሉ ይሰጣሉ። ያን ቀን ማንን ቢጠሩ ጥሩ ነው? ኤልቃናን!

"አምስት ሲካፈል ለኤክስ?"

"ፖሊኖሚያል ነው።"

ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

"ማነው እንዲህ ብሎ ያስተማረህ?" አሉ ቲቸር።

ኤልቃና መሬት መሬት አየ። ስሟን አልጠራም። ጵርስቅላ ይህን አየች። ዝም ብትል ውርደቱ የእሱ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። "ጌታ ሆይ፣ እርዳኝ" አለችና ብድግ አለች።

"ቲቸር፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኩት። እሱማ ልክ ጠይቆኝ ነበር፤ አሳፍሬ ዝም አሰኘሁት። ኤልቃና፣ በናትህ ይቅር በለኝ።"

ሳቁ ቀጥ አለ። ቲቸር ጉተማ ጠመኔውን ለኤልቃና ሰጡት። "እስቲ አንተ እንዳሰብከው አስረዳን።"

ኤልቃና ቀና አለ። "ኤክስ ታች ስላለ ፖሊኖሚያል አይደለም። ኤክስ ሲካፈል ለአምስት ቢሆን ግን ነው፤ አካፋዩ ቁጥር ብቻ ነዋ!"

"የኔ አንበሳ!" አሉ ቲቸር። "ለቡድናችሁ ሙሉ ውጤት ሰጥቻለሁ። ጵርስቅላ፣ መሪ ማለት እንዲህ ነው፤ ኮራሁብሽ።"

ጵርስቅላ ግን የምታጨበጭበው ለኤልቃና ነበር። በራሷ ጉብዝና እንኳ እንዲያ ኮርታ አታውቅም።

ልጆች፣ ስሕተታችንን አምነን ላሳፈርነው ወንድማችን ክብሩን ስንመልስለት እግዚአብሔር በእኛ ደስ ይለዋል።