የትንሿ መላጊያ ሠሪ

ሻምበሉ ወደ ሥራ ቤቱ ሲገባ ከሬሳው በፊት ቀልቡን የሳቡት ቫዮሊኖቹ ነበሩ። ገና ቀለም ያልነካቸው አሥራ አንድ ቫዮሊኖች ከጣሪያው በሽቦ ተንጠልጥለዋል። በሩ ከኋላው ሲዘጋ ሁሉም አንዴ ተንቀጠቀጡ፤ ክር የተወጠረባቸው ሁለቱ ደግሞ ቀጭን የሆነ የማቃሰት ድምፅ አሰሙ። ውጭ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን እንደ እጣቢ የደፈረሰ ነው።

ሟቹ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። ሰፈሩ ሁሉ «መምህር» እያለ የሚጠራው፣ ስድሳ ዓመት የሞላው ቫዮሊን ሠሪ ነው። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ተሰብሯል፤ ከአጠገቡ አንድ ከባድ የእንጨት መዶሻ ወድቋል። በቀኝ እጁ ትንሽ የብረት መዶሻ፣ በግራው ስለታም መሮ እንደጨበጠ ነው የሞተው።

ሻምበሉ ባርኔጣውን አውልቆ ከንፈሩን ለአፍታ አንቀሳቀሰ። ሃያ ዓመት አብሮት የሠራው ሃምሳ አለቃ ልማዱን ስለሚያውቅ ጸሎቱ እስኪያልቅ ጠበቀው።

«ነገሩ እንኳ ያለቀለት ነው ጌታዬ» አለ በኋላ። «የቀድሞ ተማሪው ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጥቶ ‹ይህን ውሸት እያየሁ ዝም አልልም› ብሎ ሲጮህበት ጎረቤት ሰምቷል። ከቤቱ ይዘነዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ወህኒ የሚወስደው መኪና ታዟል።»

«የምን ውሸት?»

ሃምሳ አለቃው ማስታወሻውን ገለጠ፤ አገላበጠ፤ መልሶ ዘጋው። «እሱን አልጠየቅነውም።»

«እንግዲያው ገና አላለቀም።» ሻምበሉ ሰዓቱን አየ። ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር።

ጠረጴዛው የተዝረከረከ ነው። የእንጨት ፍቅፋቂ፣ የደረቀ ሙጫ፣ በሆዳቸው የተቀመጡ አራት አምስት ትልልቅ መላጊያዎች፣ ስለታቸው ሁሉ የዶለዶመ። በአንዱ ጥግ ግን ነጭ ጨርቅ በሥርዓት ታጥፎ ተነጥፏል። ጨርቁ ላይ አውራ ጣት የምታህል፣ ሆዷ እንደ እንቁላል የጎበጠ መላጊያ በጎኗ ተኝታለች። ስለቷና ስለቷን አጥብቆ የሚይዘው የእንጨት ሽብልቅ ወጥተው ከአጠገቧ ተደርድረዋል። ከዚያ ሁሉ ዝርክርክ መካከል እሷ ብቻ እንደ ሕፃን ተገልጣ የተኛች ትመስላለች።

ሻምበሉ ጎንበስ አለ። በመላጊያዋ ግንባር ላይ ሦስት አዳዲስ የመዶሻ ስርጉዶች አሉ። በኋላ ጫፏ፣ ተረከዟ ላይ ደግሞ ስንዴ ቅንጣት የምታክል፣ በብዙ ዓመት መነካካት የለሰለሰች ቦታ ታበራለች። ስለቷ በተነሣበት ጎድጓዳ ውስጥ አንዲት የስንዴ ዛላ ተቀርጻለች። የጨርቁን ጫፍ በእስክሪብቶ አነሣ። ከሥሩ ጠረጴዛው ላይ የደም ፍንጣቂ አለ፤ የጨርቁም ሥር ደም ጠጥቷል። ከላይ ግን ንጹሕ ነው።

«ይህን ጨርቅ ማንም እንዳይነካው» አለ ቀስ ብሎ።

በፊተኛው ክፍል መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው እግሮቹን አጣምሮ ተቀምጧል። የሙዚየሙ ባለሙያ ነው፤ ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው።

«ቀጠሮዬ አራት ሰዓት ነበር» አለ። «ስድስት እንዲህ ያሉ ትንንሽ መላጊያዎች ሙዚየማችን ውስጥ አሉን። ከየሙዚቀኛውና ከየጠጋኙ እጅ ነው የለቀምናቸው። ሠሪያቸውን የሚያውቅ የለም፤ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ፈለግሁ። ስለታቸው እንዴት እንደሚወጣ እንኳ አልገባንም። አንዷን ልክፈት ብዬ ግንባሯን ብመታት ለሁለት ተሰነጠቀችብኝ።»

«ውስጧስ?»

«የስንዴ ዛላ አላት። በኋላ መምህር ‹ሁሉም የእኔ ሥራ ናቸው› አሉኝ። ‹እንግዲያው አንዷን ፊቴ ይክፈቱልኝና ስምዎ በሙዚየሙ ይጻፋል› አልኳቸው። ዛሬ ሊከፍቱልኝ ነበር።»

«የመጀመሪያዋ ስንት ዓመት ይሆናታል?»

«የመላጊያዋ ባለቤት ይዟት የተነሣው ፎቶ አለ። ከጀርባው ቀን ተጽፎበታል። አርባ ሁለት ዓመት።»

«እርስዎ ያኔ የት ነበሩ?»

ሰውየው ከድንጋጤው መሃል ፈገግ አለ። «አልተወለድኩማ ሻምበል!»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ቀጥቃጭ ነው፤ የአርባ ዘጠኝ ዓመት ሰው፣ ትከሻው በር የሚሞላ። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል፣ አፉ ግን አላረፈም።

«የእነዚህን ስለቶች ብረት የምቀጠቅጠው እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት አባታችን ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«ማን ነው የሚያዝዝህ?»

«ወንድሜ ነዋ! ትእዛዙን የምታመጣው ግን እትዬ ናት፤ ከእሱ ጋር የምትኖረው ታላቅ እህታችን። የስለቱን ልክ ወረቀት በመቀስ ቆርጣ ትመጣለች። መምህር እኮ ንጉሥ ነበር ሻምበል፣ ከዙፋኑ አይነሣም። እኛ አሽከሮቹ ነን።» ዕንባውን በክንዱ ጠረገ። «እትዬማ ሙጫ ከማፍላትና እሱን ከማብላት በቀር ምን ታውቃለች፣ ምስኪን!»

«ይቺን መላጊያ ክፈት ብትባል እንዴት ትከፍታታለህ?»

«ይቺማ ምን ችግር አላት? እንደ ማንኛውም መላጊያ ግንባሯን ኳ ማድረግ ነው» አለና በጣቱ አየሩን መታ።

ጣቢያው በር ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ነጠላዋን ደርባ ዝናብ ላይ ቆማለች። ሻምበሉ ሲያልፍ በዓይኗ ተከተለችው። የተማሪው ሚስት ነበረች። ሻምበሉ ወደ ውስጥ እንዲያስገቧትና ወንበር እንዲሰጧት አዘዘ።

ተማሪው ሠላሳ ዓመቱ ነው። እጁ በካቴና ታስሯል።

«አሥር ዓመት ተምሬበታለሁ» አለ። «አንድም ቀን መሣሪያ ሲሠራ አላየሁም። ጠዋት ስንገባ ትንሿ መላጊያ ተሠርታ ጠረጴዛው ላይ እናገኛታለን። ‹እናንተ ስትተኙ እኔ ሠራኋት› ይለናል። ለሙዚየም ሊፈርም ነው ሲሉኝ አንገበገበኝ። ሄጄ ጮህኩበት። እሱም ሰደበኝ። ወጣሁ፤ ስወጣ በሕይወት ነበር።»

«ማን ነው የሚሠራቸው?»

«አላውቅም ጌታዬ። እሱ አለመሆኑን ብቻ ነው የማውቀው።»

«መላጊያ ሥራ ስትጨርስ እንዴት ነው የምታስቀምጠው?»

ልጁ ጥያቄው ግራ ገባው። «በጎኑ ነዋ። በሆዱ ከተቀመጠ ስለቱ ይዶለዱማል።»

«መምህር ነው ያስተማረህ?»

«እሱ? የሱን ጠረጴዛ አላዩትም እንዴ! እትዬ ናት። በሆዱ ካስቀመጥኩት የሙጫ ማማሰያውን ይዛ እጄን ቸብ ታደርገኝ ነበር።» ሊስቅ ከጀለውና ካቴናውን አየ። «ሻምበል፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ማን ይሰማኛል?»

ሻምበሉ ሰዓቱን አይቶ ባርኔጣውን አነሣ።

እትዬን ያገኛት ከሥራ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጓዳ ነው። ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ጥቁር የለበሰች። ምድጃው ላይ የሙጫው ድስት በሌላ ድስት ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ቀስ እያለ ይንተከተካል። ሻምበሉ «እግዚአብሔር ያጽናዎ» ብሎ እጇን ጨበጠ። የሕፃን እጅ ታክላለች፤ መዳፏ ግን እንደ ጫማ ሶል ጠንካራ ነው።

«ጠዋት የት ነበሩ እትዬ?»

«እዚሁ። ሙጫዬን እያሟሟሁ።»

«ጩኸት ሰምተዋል?»

«ልጁ ሲጮህ ሰማሁ። በሩን ወርውሮ ሲወጣም ሰማሁ።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ዝናቡን።»

«ሲወጣ ወንድምዎ በሕይወት ነበሩ?»

ማማሰያዋ ድስቱ ውስጥ ቆመች። «እሱን በምን አውቃለሁ? አላየሁም» አለች ቆይታ።

ሻምበሉ ብዙ ዓመት ሰው ሲያዳምጥ አንድ ነገር ተምሯል፤ ሐዘንተኛ ቶሎ ይመልሳል፣ ወይም አይመልስም። ቃሉን መዝኖ አይመልስም። ከጓዳዋ ሲወጣ የሚሄድበት መንገድ ወዴት እንደሚያደርሰው አውቆታል።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ሥራ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሬሳው ተነሥቷል፤ ወለሉ ላይ እርጥብ ቦታ ቀርቷል። ቀጥቃጩ ግድግዳ ተደግፏል። ተማሪው ከሃምሳ አለቃው ጎን ቆሟል። የሙዚየሙ ሰው ሻምበሉ ያስመጣውን ሳጥን ታቅፏል። እትዬ በር አጠገብ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

«ከሳጥኑ አንዷን ይስጡኝ» አለ ሻምበሉ።

«ተዘግታ የቀረች ናት፤ እንዳትሰበር…»

ሻምበሉ ትንሿን መላጊያ ተቀብሎ ተረከዟን በእስክሪብቶው ጀርባ አንዴ ነካ አደረጋት። ስለቷ መዳፉ ላይ ዱብ አለች። የሙዚየሙ ሰው አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«ግንባሯን በመቱ ቁጥር ሽብልቋ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ተረከዟን ሲነኳት ይለቃል። እኔ ይህን ያወቅኩት ተከፍታ ስላገኘኋትና ተረከዟ ላይ በመነካካት የለሰለሰ ቦታ ስላየሁ ነው። አሁን አንድ በአንድ እንሂድ። ጠረጴዛው ላይ በነበረችው መላጊያ ግንባር ላይ ሦስት ስርጉዶች አሉ፤ ልካቸው ሟቹ ከጨበጡት የብረት መዶሻ ጋር ገጥሟል። ሦስት ጊዜ መትተው አቃታቸው። ታዲያ የራሱን ሥራ መክፈት የሚያቅተው ሠሪ አለ?»

«ምን?» አለ ቀጥቃጩ። «ወንድሜ አልሠራትም እያልክ ነው?»

«አልሠሯትም። መሮውንም ያነሡት ሊሰነጥቋት ነበር። እሳቸው ወደቁ፤ እሷ ግን ሳትሰበር፣ አንድ ጭረት ሳይጨመርባት ተከፈተች። የከፈታት ሰው አልሞከረም፤ ያውቃታል። ሠሪዋ ነው ማለት ነው። የከፈታትም ከግድያው በኋላ ነው፤ ጨርቁ የተነጠፈው በደሙ ላይ ነውና።»

ከላይ አንድ ቫዮሊን ሽቦው ላይ ዞር አለ።

«የመጀመሪያዋ መላጊያ ከተሠራች አርባ ሁለት ዓመት ሆኗታል። የሙዚየሙ ሰውና ይህ ልጅ ያኔ አልተወለዱም። አንተ ቀጥቃጩ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርክ። መሣሪያዎቹ የሚሠሩት ሌሊት፣ እዚሁ ቤት ውስጥ ነበር። እዚህ ቤት የሚያድሩት ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ መክፈት አቅቷቸው ሞተዋል።»

ማንም ወደ በሩ ለመዞር አልደፈረም።

ሻምበሉ ግን ዞረ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም እትዬ። ሰው ሲሞት ይሮጣሉ፣ ይጮኻሉ። ይቺን ቁጭ ብሎ መክፈት ምን አስፈለገ?»

«ልትሰነጠቅ ነበራ!» አለች እትዬ። «ሦስቴ አጥብቋት፣ በዚህ እርጥበት ላይ! እንዲያው ልተዋት?»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«እትዬ…» አለ ቀጥቃጩ። ግድግዳውን ለቆ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«የመጀመሪያዋን ስሠራ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር» አለች ማንንም ሳታይ። «‹ሴት ሠራችው ከተባለ ማን ይገዛናል፤ ለጊዜው የእኔ ነው እንበል› አለኝ። ለጊዜው! ዛሬ ልጁ ከወጣ በኋላ ጠራኝና ‹ክፈቺልኝ› አለ። ‹እከፍታለሁ፣ ብቻ ሰውየው ሲመጣ የእህቴ ሥራ ናት በልልኝ› አልኩት። ሳቀብኝ። ‹ሰንጥቄም ቢሆን ውስጧ ያለውን ምልክት አሳየዋለሁ› ብሎ መሮውን ጫነባት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። አንድ ጊዜ ነው የመታሁት። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ሃምሳ አለቃው የልጁን ካቴና መፍታት ጀመረ። ልጁ እጁን እያሻሸ ወደ እሷ ተራመደና መሃል ላይ ቆመ።

«እኔን ግን ልትሰጪኝ ነበር እትዬ?»

«መኪናው ሲመጣ እናገራለሁ እያልኩ ነበር።» ጣቷን ከጣቷ አቆላለፈች። «መኪናው ሲመጣ።»

ሻምበሉ በእርግጥ ትናገር እንደነበር አልጠየቃትም። እሷም ብትሆን እውነቱን የምታውቀው አልመሰለውም። ልጁ ሚስቱ ወደምትጠብቅበት ጣቢያ በዝናቡ እየሮጠ ወጣ።

ማምሻውን ጣቢያው ውስጥ ሃምሳ አለቃው ቃሏን ጽፎ ሲጨርስ ወደ ቅጹ አናት ተመለሰ። ስሟን ነገረችው፤ ዕድሜዋንም።

«ሥራ?»

«የቤት እመቤት በለው» አለ በር ላይ የቆመው ወንድሟ፣ እንደ ልማዱ።

የሃምሳ አለቃው እስክሪብቶ ሁለት ፊደል ጽፋ ነበር። እትዬ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«ሰርዘው ልጄ። መሣሪያ ሠሪ ብለህ ጻፍ።»

ሃምሳ አለቃው ሻምበሉን አየ። ሻምበሉ ራሱን ነቀነቀ። ጻፈው። እሷም ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አስጠግታ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፤ እንደገናም አነበበችው። ከዚያ በስተግርጌ፣ ሳትቸኩል፣ ፈረመች።