መውጫ የሌለው ክፍል

ሬሳው የተገኘው ከማቀዝቀዣ ክፍሉ በር ሥር ነው፤ ጉልበቱን አቅፎ፣ ግንባሩን በብረቱ ላይ አስደግፎ። ጠዋት ቀድሞ ገብቶ በሩን የከፈተው ታናሽ ወንድሙ ነበር።

ሕንፃው ድሮ የሥጋ መጋዘን ነበር፤ ማቀዝቀዣው አሁንም ይሠራል። ዛሬ አራት ሰዎች ተከራይተውት በአንድ የታወቀ የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ የሚጨመር አዲስ ዓለም፣ እነሱ «ሞድ» የሚሉትን፣ ይሠሩበታል፤ ተጫዋቹ በበረዶ ምድር ነፍሱን ለማቆየት የሚታገልበት። ሟቹ የንድፉ አለቃ ነበር። ኢንስፔክተሯ ካፖርቷን ሳታወልቅ ግድግዳው ላይ የጻፈውን መመሪያ አነበበች፦ «አደጋ ሁሉ አስቀድሞ ምልክት ይስጥ። ያልቀመስነውን ስቃይ ለተጫዋች አናቅምስ። መውጫ የሌለው ክፍል አይኑር።»

«ማቀዝቀዣው ውስጥ የሚገባው ለዚያ ነው» አለች የጨዋታው ሰዓሊ፣ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ። «ብርድ ጣት እንዴት እንደሚያደነዝዝ ራሱ ሳያውቅ አያሠራንም። ትንሽ ቆይቶ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ይወጣል።»

«በሩ ከውስጥ ይከፈታል?»

«መግፊያ አለው። እሱን ሳይሞክር አይዘጋውም።»

ኢንስፔክተሯ መግፊያውን ሞከረችው፤ ይሠራል። ከውጭ ግን የመቆለፊያው ቀዳዳ አዲስ ተፍቋል። ብረት ከተሰካበት መግፊያው ከንቱ ነው።

የጨዋታው ድምፅ ቀራጭ ትናንት ልጁን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ከሁሉም ቀድሞ ወጥቶ ነበር። «ወንድማማቾቹ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ታላቅየው የታናሽየውን ሥራ ጣለበት።»

ፕሮግራም ጸሐፊው ታናሽ ወንድም ግን ረጋ ብሎ መለሰ። «መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነኝ። በበሩ ሥር መብራት አየሁ፤ ሥራ ላይ ነው ብዬ አልረበሽኩትም።»

ሬሳው ከተነሣ በኋላ ሦስቱንም መስኮት በሌለው ኮሪደር ሰበሰበቻቸው። የክፍሉን መብራት አብርታ በሩን ዘጋች፤ የኮሪደሩን አጠፋች። ጨለማው እንደ ጆንያ ዋጣቸው።

«ውስጡ በርቷል። በበሩ ሥር ምን ይታያል?»

«ምንም» አለ ድምፅ ቀራጩ በሹክሹክታ።

«ዙሪያውን በጎማ የታሸገ ነው። ብርድ የማያሳልፍ በር ብርሃንም አያሳልፍም። እንግዲህ መብራት አየሁ ያለው ሰው ዋሽቷል። ለምን? ውስጥ ያለው ሰው ደህና ነበር እንድንል። መጨረሻ የወጣው እሱ ነው፣ ብረቱን የሰካው እሱ፤ ጠዋት ሁሉንም ቀድሞ የመጣውም ሊነቅለው ነው።»

ጨለማው ውስጥ የአንድ ሰው ትንፋሽ ተቆራረጠ።

«ጨዋታው ውስጥ መውጫ የሌለው ክፍል ሠርቼ ነበር» አለ ታናሽየው። «‹ይሄ ጭካኔ እንጂ ጨዋታ አይደለም› ብሎ በሰው ፊት ጣለብኝ። እስቲ ቅመሰው ብዬ ነው... ልከፍትለት ነበር።»

«ታዲያ?»

«ማንኳኳቱን ተወ። ወንድም ጋሼ መላ አያጣም፤ ሊወጣ ነው፣ ዛሬ ይገድለኛል ብዬ ሸሸሁ።»

ሰዓሊዋ ግድግዳውን እየዳበሰች የኮሪደሩን መብራት አበራች። ታናሽየው አሁን ሊከፍትለት የሚችል ይመስል የበሩን እጀታ በሁለት እጁ ጨብጦ ይጎትት ነበር። ማንም አልከለከለውም። በሩ ተከፈተ፤ ክፍሉ ባዶ ነበር።