ከአጥር ውጭ የተቆፈረ መቃብር

ኢንስፔክተር ዓይናዲስ ስትደርስ የመምህር ፈንታሁን መቃብር ጉልበት ድረስ ተቆፍሯል፤ ያውም ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ። ራሱን ከገደል ወርውሯል ተብሎ ፍትሐት ተከልክሏል፤ ደወልም አልተደወለለትም። ለልጃቸው ሽማግሌ ሊልኩ ከፃግብጂ ወደ ሰቆጣ መጥተው የሰነበቱት እናቱ፣ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ፣ ከቃሬዛው አጠገብ ቆመዋል።

«አቁሙ!» ስትል ዓይናዲስ ጮኸች። ደሟ ፈልቷል። በ1995 ዓ.ም. እንኳ ሬሳ ሳይመረመር ጉድጓድ የሚምስ ሰው አለ!

ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ገደሉ ሥር እሷ ራሷ ከሟቹ ኪስ ያወጣችውን ወረቀት እንደገና ዘረጋችው። የእጅ ጽሑፉ የፈንታሁን ነው፦ «መንከራተት ደከመኝ። ከእንግዲህ ቤቴ ይህ አፈር ነው። አትጠብቂኝ።» «ቤቴ» ከሚለው በላይ «አገሬ» ተጽፎ ተሰርዟል፤ «ደጄ»ም ተሰርዟል።

ሬሳውን መጀመሪያ ያየው ገበሬው ቅጣው፣ የሟቹ ፍቅረኛ የዝናሽ ወንድም ነው።

«ጠልቼው ነበር፤ አልደብቅም» አለ። «እህቴን ለሱ አልሰጥም ብያለሁ። ግን ጧት ገደል ሥር ሳየው እሪ አልኩ እንጂ አልነካሁትም።»

«ወረቀቱንስ?»

«የምን ወረቀት? ማንበብ የት አውቄ!»

ከሟቹ ጋር ይኖር የነበረው መምህር ደግሰው አንገቱን ደፍቷል። «ሰሞኑን ዝም ብሎ ነበር። የሚጽፈውን ለማንም አያሳይም፤ እኔም አይቼው አላውቅም።»

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ዝናሽ ግን ወረቀቱን ስታይ ነደደች። «ይሄ ኑዛዜ ነው ያላችሁት? የአንድ ፈረንሳዊ ባለቅኔ ቃል ነው! ስለ ኑሮ፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ቤት የጻፈውን ፈንታሁን ሦስት ዓመት ሲተረጉም ከርሟል። ለእኔ አንብቦልኛል። ቀጥሎ ‹ነይና ጭቃውን አብረን እናቡካ› ይላል። በግጥሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ ከስደት ተመልሶ ቤት ሊሠራ ነው እንጂ ሊሞት አይደለም!»

ዓይናዲስ የደግሰውን ክፍል አስፈትሻ ከተመለሰች በኋላ ሁሉንም ከአጥሩ በር ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ለሞት የቸኮለ ሰው ለአንድ ቃል ሦስት ጊዜ አይጨነቅም። ይህ የተርጓሚ ረቂቅ ነው፤ ኪሱ የከተተው ሌላ ሰው ነው። ቄስ ገብረ አምላክ፣ ደወሉን ማን አስቀረው?»

«መምህር ደግሰው» አሉ ቄሱ። «አንድ ሰዓት ላይ መጥቶ ‹ራሱን ገድሏል፤ በወረቀት ጽፎ ትቷል› አለኝ።»

«ወረቀቱ ግን እስከ ሦስት ሰዓት ከሟቹ ኪስ አልወጣም። ታዲያ መኖሩን በምን አወቀ? ሰው ሳይሰበሰብ፣ ሬሳው ሳይታይ ቶሎ እንዲቀበር ቸኮለ።»

«ቅጣው ነግሮኝ ነው!» አለ ደግሰው።

«እኔ? ውሸታም!» ቅጣው ሊያንቀው ተነሣ፤ ፖሊሶች ያዙት።

ዓይናዲስ ከደግሰው ሻንጣ የተገኘውን ደብዳቤ አነበበች። አንድ አሳታሚ ትርጉሙን እንደወደደው ይገልጻል፤ የተርጓሚው ስም ደግሰው ይላል።

ያኔ ደግሰው ገነፈለ። «እና ምን ይሁን? እሱ እንደሆነ እየሰረዘ እየደለዘ ዕድሜውን ይፈጅ ነበር! ደብዳቤውን አይቶ አዋርድሃለሁ አለኝ። ገፋሁት! አዎ፣ ገፋሁት!»

እጁን በካቴና አሥረው ወሰዱት። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «በሉ ልጆች፣ ሬሳውን ወደ ውስጥ አስገቡ» አሉ።

«የለም!» ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ቃሬዛው ፊት ቆሙ። «ልጆቹ አይነኩትም። አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቁ ልጄን ከአጥር ያስወጡት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ተሸክመው ያስገቡት።»

ቄሱ ጎንበስ ብለው የቃሬዛውን የፊት እጀታ ያዙ።