ለገደሉ የነገረው

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ?»

ጩኸቷ ሸለቆውን ሞላው። ከፊት የቀደሙት ጓደኞቻቸው ክው ብለው ቆሙ። ኤሌክትሪሽያኑ ካቻቢቴውን ከኋላው ሊደብቅ ሞከረ፤ ግን ምን ዋጋ አለው? ቀይና ቢጫ እየሆነ በተነባበረው ገደል ላይ «እሳቴ» የሚል ጽሑፍ አፍጥጦ ይታያል።

እሳት የሚሏት እሷን ነው። በማቅለሚያ ቤት ጨርቅ ስትነክር የምትውል፣ እጇ ከቀለም ጸድቶ የማያውቅ፣ በትንሹም በትልቁም ቱግ የምትል ልጅ ናት። ይህን ገደል ለማየት ስትመኝ ኖራ፣ በረሃውን በዚያ ሐሩር አቋርጣ ገና ከመድረሷ ይሄ ቧጭሮት ጠበቃት። እንዲህ ያለ ቀለም ቢለፉም እንደማይገኝ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል!

«ላንቺ ብዬ እኮ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ለእኔ? ቧጭርልኝ አልኩህ?»

«እወድሻለሁ ለማለት...»

«ለማን? ለድንጋይ?»

የአክስቷ ልጅ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። ለካ እሷም ታውቃለች! ለካ ሁሉም ያውቃሉ! ይሄኔ ደሟ የባሰ ፈላ። ያልተበላሸ መብራት ሊጠግን ማቅለሚያ ቤቱ ሲመላለስ፣ ዓይኗን አይቶ ዓይኑን ሲሰብር፣ ዛሬ ይናገራል ነገ ይናገራል እያለች ስትጠብቀው ከርማለች። እናቷ ያመጡላት ሰው ደግሞ ሰኞ መልስ ይጠብቃል። ይህንንም ያውቃል፤ ራሷ ነግራዋለች።

«ለጓደኞቼ ነገርክ። ለአክስቴ ልጅ ነገርክ። አሁን ደግሞ ለገደል! እኔ ምን በደልኩህ? አፍህን ማን ያዘው?»

«ፈራሁሽ።»

«ፍራኝ! ግን እየፈራህም ቢሆን ንገረኝ።»

ቀና ብሎ አያት። እንዲህ ሳይሸሽ አይቷት አያውቅም።

«እወድሻለሁ። ሰኞ እናትሽን እምቢ በያቸው።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ንዴቷ ግን አልበረደም።

«እላቸዋለሁ። አንተም ይቅርታ ጠይቅ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እኔን አይደለም። እሱን!» አለችው ገደሉን እያሳየችው።

ኮፍያውን አውልቆ ገደሉን ይቅርታ ጠየቀ። ያን ቀን ለመሳቅ የደፈረ የለም እንጂ ሁሉም ሳቃቸውን ለመያዝ ተቸግረው ነበር።

ከተጋቡ ወዲህ በየዓመቱ ይመጣሉ። ጽሑፉ አልጠፋም። እሷ ገና ገደሉ የሚታይበት መታጠፊያ ጋ ስትደርስ እንደ አዲስ ትበግናለች። እሱ ኮፍያውን ያወልቅና ገደሉን ይቅርታ ይጠይቃል። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ጮክ ብሎ ይነግራታል።